ሚስተር ፈርገስ ያዳመጡት ስልክ

ይህን ታሪክ ያወራሁለት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሰውየው አማርኛ ይችላሉ እንዴ?» ይለኛል። አይችሉም። ስልክ ሳወራ ሰምተው የያዙት «እሺ» እና «ቆይ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነው። «ቆይ»ን የሚጠቀሙባት ክኒናቸውን ላለመዋጥ ሲፈልጉ ነው፤ ለሴት «ቆዪ» እንደሚባል ብነግራቸው ብነግራቸው አልገባቸውም። ሌላ አማርኛ የላቸውም። በዚያች ዓርብ ግን እኔ አፌን የፈታሁበትን ቋንቋ ከእኔ ይልቅ የሰሙት እሳቸው ናቸው።

ዲቪ ደርሶኝ ከደሴ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። የምኖረው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ፣ ከአክስቴ ልጅ ከእትዬ አልማዝ ጋር ነው። እትዬ አልማዝ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ቁጣዋ ከሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ቂም ግን የማታውቅ ሴት ናት። አንድ ብርጭቆ ሳይታጠብ ካደረ የአፓርትመንቱ ሰው ሁሉ ይሰማል። እኔ ደግሞ በሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ጠዋት መኪናዬን አስነስቼ ካሮልተን ሚስተር ፈርገስ ቤት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ።

ሚስተር ፈርገስ ስኮትላንዳዊ የፊልም ተዋናይ ናቸው። የታወቁ ናቸው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የማይታወቁ ናቸው ብልም እንደዚያው። ሱፐርማርኬት ስንገባ ሰው አፍጥጦ ያያቸውና «ከየት ነው የማውቅዎት?» ይላቸዋል። እሳቸውም ኮስተር ብለው «የጥርስ ሐኪምዎ ነበርኩ» ይላሉ። ልጃቸው የቴክሳስ ሰው አግብታ እዚህ ስለኖረች፣ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከሷ ቤት አጠገብ አፓርትመንት ተከራየችላቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ የሚሄዱት በምርኩዝ ነው።

የተወለዱት ግላስጎው አጠገብ ባለች የመርከብ መሥሪያ ከተማ ነው። በወጣትነታቸው ብረት በያጅ ነበሩ፤ ከሥራ ሲወጡ የሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ቲያትር ይሠራሉ። ከዚያ ለንደን ወረዱ። «ይህን የገጠር አነጋገርህን ካልተውክ ሥራ የለም» ተባሉና ተዉት። ዓመታት አለፉና ቴሌቪዥን ስኮትላንዳዊ ፖሊስ ሲፈልግ «ያንን የድሮ አነጋገርህን መልሰው» አሏቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ አንዴ አፌን ሲያጥቡልኝ፣ አንዴ መልሰው ሲያቆሽሹልኝ ኖሩ» ይሉኝ ነበር፣ የአጃ ገንፏቸውን እያማሰሉ።

ብዙ ጊዜ የሚሰጧቸው ቦታ አንድ ዓይነት ነው። በር የሚያንኳኳው ፖሊስ። ባርኔጣውን አውልቆ «እመቤቴ፣ እባክዎ ይቀመጡ» የሚለው። ፖሊስ ካልሆኑ ሐኪም ናቸው፣ ሐኪም ካልሆኑ ቄስ። የስንቷን እናት ልጅ፣ የስንቷን ሚስት ባል ሞት በስክሪን ላይ ተናግረዋል። «ደመወዝተኛ መርዶ ነጋሪ ነበርኩ» ሲሉኝ ሳቅኩና የእኛን ሥርዓት አጫወትኳቸው። እኛ ዘንድ ሐዘን በስልክ እንደማይነገር፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ፣ ሐዘንተኛዋ እህል ሳትቀምስ ቤቷ ድረስ ሄዶ እንደሚያረዳት፣ አሜሪካ ደግሞ ሁሉም ሺፍት ስላለበት ሞቱ ቅዳሜና እሑድን እንደሚጠብቅ ነገርኳቸው።

«ለምን በማለዳ?» አሉኝ።

«ሌሊቱን ብቻዋን እንዳታለቅስ ነዋ። ቀኑ ሙሉ ከሰው ጋር ይሆንላታል።»

«እስከዚያ ከሷ በቀር ሁሉም ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ያውቃልና ፊቷ ላይ ይጫወታል?»

«እንዴት አድርገው ታዲያ? ለሷ ብለው እኮ ነው።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ቅር እንዳላቸው ገብቶኛል፣ ምክንያቱ ግን አልገባኝም።

አባቴ በዚያ ሰሞን ታሟል። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ አሰብ ድረስ ሲመላለስ የኖረ፣ ከጭነት መኪና ድምፅ በላይ መጮህ ለምዶ ቤት ውስጥም የሚጮህ ሰው። ኩላሊቱ ነው አሉን። ስደውልለት ስለ ሕመሙ አያወራም። «የመኪናሽ ዘይት ተቀየረ?» ነው የሚለኝ፣ ሁልጊዜ። «ተቀይሯል አባዬ» እለዋለሁ፣ ባይቀየርም። ትኬት ልቆርጥ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ሄጄ አየዋለሁ ብዬ ቀን እየጠበቅኩ ነው። በሕይወት እንዳለ ደርሼ ዓይኑን ማየት፣ ከዚያ በቀር ምንም አልፈልግም ነበር።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ እትዬ አልማዝ እራት ሠርታ ጠበቀችኝ። ጠዋት የተውኩትን ድስት አጥባዋለች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ደንግጬ ግንባሯን ልዳብስ ምንም አልቀረኝም።

«አሞሻል እንዴ?»

«ምን ያመኛል፣ ብዪ ይልቅ። ስልክሽን አምጪው፣ አፕዴት ላድርግልሽ፤ ስሎው ሆኗል ስትዪ አልነበር?»

ሰጠኋት። መልሳ ስትሰጠኝ ፌስቡኬ አልከፈት አለኝ። «ፓስዋርድ ይሆናላ፣ ዊኬንድ ላይ እናየዋለን» አለች። ሐሙስ ደግሞ ጋሽ ታደሰ ደወሉልኝ፤ ኤርፖርት የሚሠሩ፣ የደሴ ሰው ሁሉ እንደ አባት የሚያያቸው ሽማግሌ ናቸው። በዓል ካልሆነ ደውለውልኝ አያውቁም። «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ፣ ሥራ እንዴት ነው? እሑድ ኦፍ ነሽ አይደል?» አሉኝ። ኦፍ ነኝ አልኳቸው። «ጎሽ፣ ተባረኪ» ብለው ዘጉት። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ይህን ሁሉ አይቼ፣ ሥርዓቱን ለፈረንጅ ሳስረዳ ከርሜ፣ በእኔ ላይ ሲሆን አላየሁትም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሚስተር ፈርገስ ኩሽና ውስጥ ወንበር ተደግፈው የእግር ስፖርታቸውን ይሠራሉ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ደሴ ለወንድሜ ለደምሴ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። ደምሴ ሱቅ አለው፤ ከአባቴ ጋር የሚኖረውም እሱ ነው።

«አባዬስ?» አልኩት።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ዛሬማ በጣም ተሽሎታል። መድኃኒቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል እንጂ ምንም አይልም። ሾርባ ጠጥቷል። ሥራ አለሽ አይደል? በኋላ እንደዋወል።»

ዘጋው። «ተሽሎታል» አልኳቸው ሚስተር ፈርገስን፣ በደስታ። ስፖርታቸውን አቁመው ያዩኛል።

«ማነው ያ?»

«ወንድሜ።»

«ምን ይሠራል?»

«ነጋዴ ነው።»

«ጥሩ። ተዋናይ ቢሆን ይራብ ነበር።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው አልሳቁም። አሁን ሳስበው ልናገር ወይስ ልተው እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «ጥያቄሽን ሳትጨርሺ መልሱን አቀበለሽ። ቃሉን አላውቀውም፣ የሰማሁት ግን የተሸመደደ ነገር ነው። ቶሎ ብሎ መጨረሻው ላይ መድረስ የፈለገ ሰው ነው። ይህን ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ።»

ገባኝ፤ ገብቶኝም እንዳይገባኝ ፈለግኩ። እሳቸው ላይ ጮህኩባቸው። «ምን ያውቃሉ እርስዎ? ወንድሜን ያውቁታል? ፊልም መሰለዎት?» አልኳቸው። ተቆጥቼ ስለማላውቅ ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። አልደነገጡም።

«ልሳሳት እችላለሁ። እንድሳሳትም እለምናለሁ። ደግመሽ ደውዪለት። አንድ ነገር ጠይቂውና ሲመልስልሽ ዝም በይ። ምንም አትበዪ። ሸምድዶ የመጣ ሰው ዝምታን አይችልም።»

አንድ ሳህን ደጋግሜ አጠብኩ። እጄን አደረቅኩ። ደወልኩ።

«ምነው እቴ?» አለ ደምሴ።

«ደምስዬ፣ አባዬ ስለ መኪናዬ ዘይት አልጠየቀህም?»

«ጠይቋል! ዛሬ ራሱ ጠይቋል፤ ዘይቷን ቀየረች ወይ ብሏል።»

ዝም አልኩ። ሚስተር ፈርገስ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል። ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ይሰማኛል። «ሃሎ?» አለ። ዝም። «ኔትዎርኩ ነው እንዴ? ሃሎ? እቴ?» ዝም አልኩ፣ ግን ትንፋሼ ሳይሰማው አልቀረም። ሬዲዮውን አጠፋው። «እቴ፣ እባክሽ አንድ ነገር በዪ» አለኝ። ከዚያ ወንድሜ ማልቀስ ጀመረ። በዕድሜ ዘመኑ ሲያለቅስ ሰምቼው የማላውቀው ወንድሜ፣ እንደ ሕፃን።

«ማክሰኞ ነው» አለኝ። «ቀብረነዋል። ለቀስተኛው እንዳይሰማሽ ነው ሱቅ ገብቼ ስልክሽን የማነሳው። አደራ፣ ነገረኝ እንዳትዪ። እትዬ አልማዝ ሽማግሌ ለምናለች፣ እሑድ ጠዋት ሊያረዱሽ ነው። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ ብላ እኔን በአጥንቱ አስምላኛለች።»

ከዚያ በኋላ ራሴን ያገኘሁት ወለሉ ላይ ነው፣ ጀርባዬን ለምድጃው ሰጥቼ። ሚስተር ፈርገስ ማጎንበስ በሐኪም ተከልክለዋል። እሳቸው ግን ምርኩዙን ለቀው፣ የጠረጴዛውን እግር ይዘው፣ ቀስ እያሉ እያቃሰቱ አጠገቤ ተቀመጡ። አላቀፉኝም፣ አይዞሽም አላሉኝም። ቁጭ ብለው እስኪወጣልኝ ጠበቁ። በኋላ ራሳቸውም መነሳት አቃታቸው፤ እኔም ላነሳቸው ጉልበት አልነበረኝም። እዚያው ቀረን።

እዚያ ወለል ላይ ነው የራሳቸውን የነገሩኝ። ስማቸውን ያስጠራላቸው አንድ ፊልም ነው፤ በጀልባ ሰው የሚያሻግር ባላገር ሆነው የሠሩበት። መጨረሻው ላይ ባላገሩ ቀና ብሎ ባሕሩን አይቶ ይስቃል። ደሴት ላይ ያንን ሳቅ በሚቀርጹበት ቀን ጠዋት እናታቸው እንደሞቱ ስልክ መጥቶ ነበር። ዳይሬክተሩ የሰማውን ሰው ሁሉ ዝም አሰኘ። ብርሃኑ ሳይሄድ ሳቁን መቅረጽ ነበረበት። ተቀረጸ፤ ሁሉም አጨበጨበ። የነገረቻቸው ሜካፓቸውን የምታጥብላቸው ሴት ናት፣ እያጠበች ስታለቅስ አይተው «ምነው?» ሲሏት።

«እናቴ ሞታ እኔ ስስቅ ዓለም ሁሉ አይቶታል» አሉኝ። «ሽልማት ተሰጠኝ። እኔ አንድም ቀን አላየሁትም። ካንቺ እንዲህ ያለ ሳቅ ሲወስዱ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። መብቴ አልነበረም፣ ግን አልቻልኩም።»

ልጃቸው ምሳ ይዛ ስትመጣ ሁለታችንንም ወለል ላይ አገኘችን። «እዚህ ቤት ማነው ማንን የሚንከባከበው?» አለች፤ ፊቴን ስታይ ግን ምሳውን አስቀምጣ እሷም ተንበረከከች።

ልወጣ ስል ሚስተር ፈርገስ «ንገሪያት» አሉኝ፣ እትዬ አልማዝን ማለታቸው ነው። «አውቄያለሁ በያት። ድራማውን ጨርሱት በያቸው።» እኔም እንደዚያ ልል ወስኜ ነበር የነዳሁት። መንገዱን ሁሉ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር። በአባቴ ሞት ሾው ትሠሩብኛላችሁ ወይ፣ ሕፃን ነኝ ወይ፣ ማን ሥልጣን ሰጣችሁ እያልኩ ብቻዬን መሪውን እየደበደብኩ እጮሃለሁ።

በሩን ስከፍት ሳሎን ውስጥ ሰው የለም። መታጠቢያ ቤት ውኃ ይፈሳል። ጠጋ ስል ከውኃው ድምፅ በታች ሌላ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አልማዝ ናት፣ ፎጣ አፏ ላይ ሳትይዝ አልቀረችም፣ «እናቴን የቀበርክልኝ፣ ያሳደግከኝ፣ አጎቴ፣ አጎትዬ» እያለች። አባቴ ለሷ አጎቷ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ታውቃለች። እኔ ሰው ተሰብስቦልኝ እንዳለቅስ ብላ እሷ ብቻዋን በውኃ ድምፅ ተሸፍና ታለቅሳለች፣ ከዚያ ወጥታ ድስት ታጥብልኛለች። ለሷ መርዶ ነጋሪ ማን ነበር? ማንም። በስልክ ነው የሰማችው፣ ሥራ ላይ ሆና።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ወደ ኋላ ተመልሼ ወጣሁና እንደገና በሩን በኃይል ከፍቼ ገባሁ። «እትዬ አልማዝ! ራበኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ውኃው ተዘጋ። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ሽሮ አለልሽ» አለችኝ።

እንግዲህ ዓርብ ማታንና ቅዳሜን ሁለታችንም ተዋናይ ሆነን አሳለፍነው። ሽሮው በጉሮሮዬ አልወርድ ሲል «ትንሽ ራሴን አሞኛል» እላለሁ፤ እሷ ዓይኗ ሲቀላ «አለርጂ ነው፣ የዳላስ አየር» ትለኛለች። ቅዳሜ ዘይት ላስቀይር ብዬ ወጣሁና ጋራዥ ውስጥ፣ መኪናዋ ከፍ ተደርጋ ዘይቷ ሲንጠፈጠፍ እያየሁ፣ የቻልኩትን አለቀስኩ። ሜካኒኩ ሂሳቡ የበዛብኝ መስሎት ቅናሽ አደረገልኝ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ነበር። መኪና ራቅ ብሎ ሲቆም ሰማሁ፣ አንድ፣ ከዚያ ሌላ። በር ቀስ ተብሎ ሲዘጋ። እንዳልሰማ ማዶ ነው ፓርክ ያደረጉት። አልጋዬ ላይ ሆኜ እንዴት አድርጌ እንደምጮህ እያሰብኩ ነበር። የማስመስለው ነገር ነውና አሳምሬ ላስመስለው አልኩ፤ አልማዝዬ የደከመችበት ነው፣ አላበላሽባትም።

ጠራችኝ። ሳሎን ስወጣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ታደሰ የኤርፖርት ዩኒፎርማቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ ለካ ሌሊቱን ሠርተው ቀጥታ ነው የመጡት። ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ። እትዬ አልማዝ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። እጇ በረዶ ሆኗል።

«የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ሰው ሆኖ ከመሞት የሚቀር የለም። አባትሽ...» ድምፃቸው ተቆረጠ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ያ ሁሉ ሰው አየኝ። እትዬ አልማዝ እጄን አጥብቃ ያዘችና፣ ከማክሰኞ ጀምሮ የያዘችው ሲለቃት፣ ጮኸች።

እኔ ልጫወት ያሰብኩት ነገር የት እንደገባ አላውቅም። ከሆዴ የወጣው ጩኸት ያላዘጋጀሁት ነው። ዓርብ የሰማሁት ወሬ ነበር፤ እሑድ ግን አባቴ ሞተ። ሴቶቹ ያዙኝ፣ እኔ አልማዝን ያዝኳት፣ ጋሽ ታደሰ ግድግዳውን ይዘው አለቀሱ። ፀሐይ ወጣ፣ ሰው መጣ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው መጣ። ለሚስተር ፈርገስ ያልኳቸው እውነት ነበር፤ ብቻዬን አላለቀስኩም።

ከአርባው በኋላ ለእትዬ አልማዝ ነገርኳት። ጭኗን መታች። «አንቺ ልጅ! ከዓርብ ጀምሮ አውቀሽ ነው ሽሮዬን ቁጭ ብለሽ የበላሽው?» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ስቀን፣ መልሰን አለቀስን። ቃልም አስገባኋት፦ ለእኔ ከሆነ ወዲያው ንገሪኝ፣ እየነዳሁ ከሆነም መኪናዋን ዳር አስይዘሽ ንገሪኝ። እሺ አለች። «እኔን ግን» አለችኝ ቆይታ፣ «እኔን ግን ሽማግሌ ለምነሽ፣ በማለዳ። በስልክ እንዳትነግሪኝ፣ አንዴ በቅቶኛል።»

ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከእናንተም አንዱ ዛሬ የሰው መርዶ ይዞ እየሳቀ ይሆናል። ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል አልልም፤ ከእነዚያ ቀናት በኋላ ማን ልክ እንደሆነ መለየት አልችልም። የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከመሸሸጋችሁ በፊት ያ ሰው የትኛውን እንደሚፈልግ በደህናው ቀን ጠይቁት። እኛ አልተጠያየቅንም ነበር።

ሚስተር ፈርገስ በሌላ ቀን «ያንን ፊልም አምጪው» አሉኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፈልጌ ከፈትኩት። መጨረሻው ሲደርስ ወንበራቸውን ጨብጠዋል። ወጣቱ ፈርገስ፣ ጠጉሩ ጥቁር፣ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ቀና አለ፣ ባሕሩን አየና ሳቀ። እንዴት ያለ ሳቅ ነው! እኔም አብሬው ሳቅኩ፣ ሳላስበው።

«አየሽው?» አሉኝ። «እናቱ የሞተችበት ሰው እንዲህ ይስቃል?»

ረቡዕንና ሐሙስን አሰብኳቸው፤ አባቴ ተቀብሮ እኔ ስለ ትኬት ሳወራ የዋልኩባቸውን ቀናት። ተሰረቁብኝ ስል ነበር የከረምኩት።

«ይሄ ልጅ እኮ አላወቀም፣ ሚስተር ፈርገስ» አልኳቸው። «ለሱ እናቱ ገና አለች።»

ስሞች ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ልዘጋው ሪሞቱን ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ» አሉኝ በአማርኛ። ከዚያ ወደ ሳቁ እንድመልሰው በጣታቸው አሳዩኝ።